የጤና ዓምድ፦ ትል ለአስም መድኃኒት ነው እንዴ?



ሰሞኑን እዚህ ቡሉክ ቡና እየጠጣን አንዲት እናት የተሰጣቸውን የትል ክኒን ለልጃቸው ሳይሰጡ እንዳስቀመጡት አጫወቱን። ልጁ አስም አለበት። «ሆዱ ትል ያለበት ሰው አስም አይጠናበትም፤ ተጠንቷል አሉ» አሉን። ወሬው እንዲያው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የደረሳቸው ግን ግማሹ ነው። ሙሉውን እነሆ።

ጥናቱ የተካሄደው አገራችን ውስጥ፣ ጅማ ነው። ኢትዮጵያውያንና እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከ12 ሺህ በላይ የከተማና የገጠር ነዋሪዎችን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተሙ። አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኘ። «የገጠሩን ሰው ምን ጠበቀው?» ብለው ምርመራውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ መንጠቆ ትል የበዛባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የሚለው ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ ነበር። አስም የሰውነት መከላከያ በአቧራና በመሳሰለው ያለ ቦታው ሲቆጣ ይነሣል። ትሉ ደግሞ ሆድ ውስጥ ለመኖር ሲል ይህንኑ መከላከያ ያበርዳል ተብሎ ይገመታል።

ታዲያ ትል እናርባ? ኧረ በፍጹም! በእንግሊዝ አገር 32 የአስም ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ጥቂት መንጠቆ ትል ሰጥተው ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም፣ በአስማቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ትሉ ግን ደም ይመጣል፤ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ለደም ማነስ ይዳርጋል። ስለዚህ እህቴ፣ ክኒኑን ይስጡት።

ከዚያው ከጅማ ጥናት ሌላም ትምህርት አለ፦ ቤት ውስጥ ላምባ በሚያነዱ ሰዎች ላይ አለርጂ በዝቶ ታይቷል። የከሰልም ሆነ የማገዶ ጭስ አስም ይቀሰቅሳል። ከተቻለ ምድጃው ከመኝታ ክፍል ውጭ ይሁን፤ ልጅ ባለበት ሲጋራ አይጨስ፤ በበጋው አቧራ ቤት ሲጠረግ ቀድሞ ውሃ ይረጭ።

የአስም መድኃኒቱ ፓፍ ነው። ሕመሙ ሲነሣ ቶሎ የሚያስተነፍሰው አለ፤ በየቀኑ እየተሳበ እንዳይነሣ የሚከላከለውም አለ። «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ የመከላከያውን ማቋረጥ ለብዙ ሰው ጠንቅ ነው።

ልጅ ፓፍ መሳብ ቢያቅተውስ? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ዘዴ አለ። የግማሽ ሊትር ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ መቀመጫው ላይ የፓፉ አፍ ልክክ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ ይበጅለታል፤ ዙሪያው ይታሸጋል። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይይዛል፤ ፓፉ አንዴ ይነፋል፤ እሱም ረጋ ብሎ ደጋግሞ ይተነፍሳል። ጠርሙሱ በፋብሪካ ከሚሠራው መሣሪያ እኩል ሠርቷል። አሠራሩን የጤና ባለሙያ ያሳያችሁ።

ልጁ መናገር ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሐኪም ውሰዱት።