ወደ ጣና ደሴቶች የሚወርድ ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባ

የዝናሙ ወራት አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ባሉ ቤቶች ውስጥ «ዘንድሮስ ጣና ወርደን እንሳለም» የሚል ምክር ይነሣል። አንዱ ስእለት አለበት፤ ሌላው የቅዱሳኑን በዓት ለልጆቹ ለማሳየት ይመኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከደጋው ብርድ ጥቂት ቀን ማረፍ ብቻ ነው የሚሻው። ወደ ባሕር ማዶ ደሴት የሚሔድ መንገደኛ ስለ መርከቡ፣ ስለ አየሩና ስለ አገሩ ሥርዓት አስቀድሞ ይጠይቃል። ወደ ጣና የሚወርደው ግን ሐይቁ ቅርብ ስለ ሆነበት ስንቁን ቋጥሮ ብቻ ይነሣል፤ መጠየቅ የሚጀምረውም ከጀልባው ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ስንት ቤተ ሰብ ደክሞ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ እናትና ሴቶች ልጆች ከወደቡ ሳያልፉ ይመለሳሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ እንሒድ?» ሳይሆን «ወደ የትኛው ደሴት?» የሚል መሆን አለበት። በጣና ላይ ያሉት ገዳማት ሥርዓታቸው አንድ አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳማት ናቸው፤ ሴት አትገባባቸውም። ዳጋ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም የሚገኝበት ስለ ሆነ፣ የታሪክ ፍቅር ያለው አባት ሁሉ ልቡ ወደዚያ ይስባል። ነገር ግን ሚስቱንና ሴቶች ልጆቹን አስከትሎ ወደ ዳጋ የሚሔድ ሰው፣ እርሱ ወጥቶ እስኪሳለም ድረስ እነርሱን በፀሐይ ላይ ማስቀመጡ ነው። በእኔ አሳብ ይህን ጉዞ አባትና ወንዶች ልጆች ሌላ ጊዜ ለብቻቸው ቢያደርጉት ይሻላል። ስለ ሌሎቹ ደሴቶችም ቢሆን፣ ሥርዓታቸውን ከገዳሙ ሰው ወይም ከጀልባ ነጂዎች ዘንድ አስቀድሞ ማረጋገጥ አይከፋም።

ቤተ ሰቡ በሙሉ ሊገባባቸው የሚችሉት ቅዱሳት ቦታዎች ከቶ ጥቂቶች አይደሉም። በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች፤ ሴት ያሠራቻት ቤተ ክርስቲያን ለሴቶችም ክፍት ናት። በዘጌ ልሳነ ምድር የሚገኘው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሱ ዙሪያ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ ማንበብ ላልጀመሩ ሕፃናት እንደ መጽሐፍ ነው። እዚያ ለመድረስ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር ጥቂት መሔድ ያስፈልጋልና አረጋውያን ምርኩዛቸውን አይርሱ። ለባሕር ዳር ቅርብ ከሆኑት መካከል ደግሞ እንጦስ ኢየሱስና ደብረ ማርያም አሉ። እንጦስ ከክብራን ጎን ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ጥንት የሴቶች ገዳም ነበረች።

ልጃገረዶች «እኛ ለምን አንገባም?» ብለው ሲጠይቁ ዝም ማሰኘት መልስ አይሆንም። የምናኔን ሥርዓት በቀላል ቃል ማስረዳት፣ ከዚያም የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ነገር መንገር ይገባል። ይህች ቅድስት በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ፣ የመኳንንት ቤቷንና ትዳሯን ትታ የአባቶቿን እምነት የጠበቀች፣ በዚሁ በጣና ዙሪያ ወንዶችንና ሴቶችን መነኮሳት ሰብስባ ያስተዳደረች እናት ናት። መቃብሯ በሬማ ደሴት ነው፤ ገድሏም ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ተጽፏል። በስሟ የሚጠራው የቆራጣ ገዳም የሚገኘውም እዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በደራ በኩል ባለው የሐይቁ ዳር ነው። ሐይቁ የወንዶች ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

መንገዱን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ከደብረ ታቦር በዓለም በር በኩል ቁልቁል ወደ ወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወረታ በሐሙሲት አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በጧት የተነሣ ሰው በቀትር ባሕር ዳር ሊደርስ ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ ሐይቁ ልግባ ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን። ስለዚህ አንድ ሌሊት በባሕር ዳር ማደር የግድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት መንገዶች በየጊዜው እንደ ተዘጉ የማያውቅ የለም። ከመነሣታችሁ በፊት በዋዜማው ከሾፌሮችና ከወረዳው ቤተ ክህነት ጠይቁ፤ መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ስእለቱ ይቆይ። እግዚአብሔር የዘገየ ስእለት ይቀበላል፤ ሕፃናትን አደጋ ላይ ጥላችሁ እንድትከፍሉት አይጠይቅም።

አሁን ወደ ጀልባው እንምጣ። ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ቢሆንም ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይታወካል። ጧት እንደ መስተዋት የተኛው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ማዕበል ያነሣል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በተከፈተ ጀልባ ላይ ሕፃን የያዘች እናት ብትገኝ፣ በየማዕበሉ ልብሷ ከመበስበሱ በላይ የልቧ ድንጋጤ ከባድ ነው። ስለዚህ ጉዞው ከጧቱ በአንድ ሰዓት ይጀመር። በሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ወደ ክብራንና ወደ እንጦስ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ደቅና ዳጋ ግን በሐይቁ መካከል ስለ ሆኑ መሔጃው ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ መመለሻው ከነፋሱ ጋር ይገጥማልና ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ዘጌን እመርጥለታለሁ።

ከባለ ጀልባው ጋር ስትዋዋሉ ዋጋው የደርሶ መልስ መሆኑን፣ ደሴቱ ላይ የምትቆዩበት ጊዜም የተቈጠረ መሆኑን በግልጽ ተነጋገሩ። ከዋጋው በፊት ግን ሌላ ነገር ጠይቁ፤ ይኸውም ላይፍ ጃኬት የሚባለው ተንሳፋፊ ሰደርያ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናትም በልካቸው መኖሩን ነው። ከመቀመጫው በታች ታስሮ የተቀመጠ ሰደርያ ምንም አይጠቅም፤ ከወደቡ ሳይለቁ መልበስ ያስፈልጋል። በበዓል ቀን ጀልባው ከልኩ በላይ ሲሞላ «አንድ ሰው ምን ያከብደዋል» የሚል አይታጣም። እናንተ ውረዱና የሚቀጥለውን ጠብቁ። ነገደ ወይጦ ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ለዓይን ያማረ፣ ጥበቡም ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ቀዘፋ ለለመደ ሰው እንጂ ቤተ ሰብ ለማጓጓዝ አይሆንም። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው እምቦጭ የሚባለው አረም አልፎ አልፎ የጀልባውን መንገድ ይዘጋል።

የደጋ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ወባን ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ስትሆን፣ ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ልዩነት ምክንያት በደጋው ያደገ ልጅ የወባን በሽታ የሚቋቋም ልማድ በሰውነቱ የለውም። እኤአ በ1958፣ በእኛ አቈጣጠር 1950 ተፈጽሞ 1951 ዓ.ም. በገባበት ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አገሮች የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 150,000 ያህል ሕዝብ እንደ ጨረሰ ይታወቃል። የጣና ዳርቻ በዚሁ ከፍታ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር የሚያድር ሁሉ አጎበር ይያዝ፤ ማታ ማታ ልጆችን እጀ ረጅም ልብስ አልብሱ። ነፍሰ ጡር ሴትና ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከጉዞው በፊት ሐኪም ቢጠይቁ መልካም ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንቱ ወይም በወሩ ውስጥ ትኩሳት ቢነሣ፣ «የመንገድ ድካም ነው» ብላችሁ አትቈዩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሔዳችሁ ጣና ወርደን ነበር በሉ። ይህች አንዲት ቃል ለሐኪሙ ብዙ ትነግረዋለች። በዳርቻው ቆሞ በሚቆየው ውኃ ውስጥ መዋኘትና መንቦጫረቅም ቢልሐርዝያ ያመጣልና ልጆችን ተቈጣጠሩ። የሚጠጣው ውኃ የፈላ ወይም የታሸገ ይሁን።

በዚህ አገር ብዙ ሕዝብ የሚወርድበት በዓል ግን ነሐሴ 24 ቀን፣ በጓንጉት የሚከበረው የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ በዓል ነው። ጊዜው አስቸጋሪ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚሞሉት፣ የፎገራ ሜዳ በጎርፍ የሚሸፈነው በዚሁ ወራት ነውና። ከዚህም በላይ ሰው ተጨናንቆ ያድራል፤ ጭቃው ጥልቅ ነው፤ ውኃ ወለድ በሽታም አይታጣም። ጤናማና ጎልማሳ የሆነ ሰው ይሒድ። ታማሚና አራስ ያለባቸው ቤቶች ግን ጉዟቸውን ቢዘገይም ለበጋው ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ገዳሙ ያኔም አለ፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ ካጋጠማችሁ ፊት የቀደመው ስለ ተሻገረ ብቻ አትከተሉ።

ስንቅን በተመለከተ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ይበቃል። በደሴቶቹ ላይ ገበያ እንዳለ አትቁጠሩ፤ በጾም ወራት ደግሞ የጾም ያልሆነ ምግብ ወደ ገዳም ይዞ መግባት ነውር ነው። እጅ መንሻ ያማረው ሰው ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ቢይዝ መነኮሳቱ ይደሰታሉ። ሴቶች ነጠላቸውን፣ ወንዶችም ጋቢያቸውን አይተዉ። ጫማ በደጅ ይወልቃልና ማሰሪያ የሌለው ጫማ ለልጆች ይቀላል። ስለ ንጽሕናና ስለ ወር አበባ ያለውን ሥርዓት እናቶች ለሴቶች ልጆቻቸው ከቤት ሳይነሡ ይንገሯቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ በሰው ፊት መጠየቅ ያሳፍራቸዋል። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል። የመግቢያውንና የምጽዋቱን ገንዘብ ለተመደበው አባት ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። አንድ ሰው በጓሮ በኩል የብራና መጽሐፍ ወይም አሮጌ ሥዕል «እሸጥላችኋለሁ» ቢል፣ ለገዳሙ አስተዳዳሪ ወዲያውኑ አስታውቁ።