የደመወዝ ወረቀቱን ክፍል ይዛችሁ ግቡ
ለሁለተኛ ደረጃ የኢኮኖሚክስ መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ መምህራን፣

በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞችን ደመወዝ እሠራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው የተቀጠሩ ልጆች የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ሲቀበሉ ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። «ብሬን ማን ቆረጠው?» ይሉኛል። የፍላጎትና የአቅርቦትን ሕግ ያውቃሉ፤ የዋጋ ንረትን ፍቺ ሳይደናቀፉ ይወጡታል። የራሳቸውን የደመወዝ ወረቀት ግን ማንበብ አይችሉም። ጥፋቱ የልጆቹ ስላልሆነ ነው ለእናንተ የምጽፈው።

የገንዘብን ነገር የምታስተምሩት በፍቺና በመፈክር ነው። ቁጠባ ምንድን ነው፣ ጥቅሞቹን ዘርዝሩ፣ ቆጥቡ። ወደዚህ የሚገፋችሁ የምርጫ ፈተናው እንደሆነ፣ ክፍሉም በተማሪ እንደታጨቀ አውቃለሁ። ነገር ግን የደመወዝ ስሌት ከጠመኔ ሌላ ምንም አይጠይቅም። 10,000 ብር ብላችሁ ጻፉ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 3,000 ብር 20 በመቶ፣ የቀረው 3,000 ብር 25 በመቶ ይከፈልበታል። ግብሩ 1,650 ብር መጣ። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 700 ብር ሲቀነስ እጅ የሚገባው 7,650 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ለጡረታ እንደሚያዋጣ ንገሯቸው፤ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ መዋጮው ባይገባለት አይጠይቅም።

ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበኝ የብድር ዋስትና ነው። ጓደኛ ይመጣና «ፊርማ ብቻ ነው፣ እኔ እከፍላለሁ» ይላል። ልጁ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ እምቢ ካለ ክፉ ሊባል ነው። ይፈርማል። ውሉ ውስጥ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል እንዳለ አላየም፤ ቢያይም አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት እንደሚችል የነገረው የለም። ተበዳሪው ሲሰወር የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ግን ከትንሽ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ ሲሄድ የሚቀረው የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። ያልበሉትን ብድር ለዓመታት የሚከፍሉ፣ በዚህ ምክንያት ለእናታቸው መላክ ያቆሙ ልጆች በየወሩ በእጄ ያልፋሉ። ይህን ሁሉ ለመከላከል አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ የውል ቅጂና «እምቢ» የማለት ልምምድ ይበቃ ነበር።

እቁብንም የባህል ርእስ ብቻ አታድርጉት፤ አስሉት። ሃያ ሰው በወር 1,000 ብር ይጥላል እንበል። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ከተቀበለው 20,000 ብር ከራሱ 1,000 ብር በቀር ያለውን ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ ሲያበድር ከረመ። 2014 ዓ.ም. ላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ። የዚያን ዓመት የመጨረሻ ባለዕጣ በ20,000 ብሩ ምን ሊገዛ ቻለ? የባንክ ቆጣቢውስ? ልጆቹ ይህን ቤታቸው ሄደው ከእናቶቻቸው ጋር ሊከራከሩበት ይችላሉ። በስልክ የሚገኘውን ብድርም እንዲሁ፤ የአገልግሎት ክፍያውን ከብድሩ የቆይታ ጊዜ ጋር አነጻጽረው ያስሉት።

የምጠይቃችሁ አዲስ መጽሐፍ እስኪታተም እንዳትጠብቁ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ስም የተሰረዘበት የደመወዝ ወረቀትና የብድር ውል አባዝታችሁ ለተማሪዎቻችሁ አድሉ። በክፍል ፈተናችሁም «ይህን ውል አንብቡ፤ ተበዳሪው ባይከፍል ማን ይከፍላል?» የሚል አንድ ጥያቄ አስገቡ። በየአካባቢያችሁ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ብትጠሩት እምቢ የሚል አይመስለኝም። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ነጻ ነኝ፤ እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ