ግላኮማ፦ ለፎገራ ገበሬ ጠብታ ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ፎገራ ላይ የዓይን በሽታ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ትራኮማና ሞራ ነው። ለሁለቱም ዘመቻ ይመጣል። ሞራ የጋረደው ሰው በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ልጆቹን ያያል። በዘመቻው ሰልፍ ላይ ቆይቶ «ያንተ ሞራ አይደለም፣ ግፊት ነው» ተብሎ የሚመለሰውስ? ዛሬ የምናወራው ስለሱ ነው።

ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫው ሲጠብ ግፊቱ ይጨምርና የእይታ ነርቩን ቀስ በቀስ ይገድላል። ቀድሞ የሚሄደው የዳር እይታ ስለሆነ ሰውየው አርሶ ይገባል፣ ወረታ ገበያ ወጥቶ ይመለሳል፣ ምንም አልሆንኩም ይላል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ የመጣ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ሞራ የጋረደው ይመለሳል፣ ግላኮማ የወሰደው አይመለስም። ቀዶ ሕክምናውም ቢሆን የቀረውን ለማትረፍ ነው እንጂ የጠፋውን ለመመለስ አይደለም። ይህን ቀድሞ የሚነግረው ሰው ያላገኘ በሽተኛ «ተቀድጄም አልዳንኩ» ብሎ ጎረቤቱን ያስፈራል።

የተለመደው መጀመሪያ ጠብታ ነው፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ቲሞሎል ረከስ ይላል (አስም ያለበት ሰው ግን ሳይጀምር ለሐኪሙ ይናገር)። ላታኖፕሮስት ይበልጥ ይሠራል፣ ሳይከፈት ግን ፍሪጅ ይፈልጋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ለገበሬ ኪስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሌላው አማራጭ ትራቤኩሌክቶሚ ነው። ሐኪሙ ፈሳሹ ከላይኛው ሽፋሽፍት ስር የሚወጣበት አዲስ መንገድ ይከፍታል። ይህ ካልያዘ ትንሽ ቱቦ ይተከላል። ከተሳካ ጠብታው ይቀራል ወይም ይቀንሳል፤ ከከተማ ለራቀ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ኦፕራሲዮኑ ግማሽ ሥራ መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ መታየት ግድ ነው፤ ስፌት ይላላል፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ይታያል፣ ኢንፌክሽን ይጠበቃል። ከወረታ ባህር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ከዚያ እጥፍ ያህል ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ በሚዘጋባቸው ቀናት ቀጠሮ እንዴት እንደሚያልፍ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ሌዘርም አለ፣ በደቂቃዎች አልቆ በዚያው ቀን ቤት የሚያስገባ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የታንዛኒያ ጥናት በሌዘር ከታከሙት 61 በመቶው፣ በቲሞሎል ከታከሙት ደግሞ 31 በመቶው ከዓመት በኋላ ግፊታቸው እንደተያዘ አሳይቷል። ኑሯችን ከእንግሊዝ ይልቅ ለሞሺ ይቀርባልና ውጤቱ ይመለከተናል። ሌዘሩ ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል፣ በጣም ለገፋ በሽታም አይበቃም፤ ገና ለተጀመረው ግን በእኛ እምነት ከጠብታ መቅደም አለበት።

እናት ወይም አባት፣ ወንድም ወይም እህት በግላኮማ የታመመባችሁ፣ በተለይ 40 ዓመት ያለፋችሁ፣ ዘመቻ ሳትጠብቁ ተመርመሩ።

ፎገራ በ2003 ዓ.ም. የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት። መዋጮውን ቀድማ የለመደች ወረዳ ናት ማለት ነው። መድኑ ግን መኪናና ማደሪያ አይከፍልም። ለግላኮማ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከባዱ ወጪ ይሄው ነው፦ አስታማሚን ይዞ ባህር ዳር ሁለት ሦስት ሳምንት መክረም። ወረዳው መዋጮ በሚሰበስብበት ስብሰባ ላይ ይህ ጥያቄ ቢነሳ ጥሩ ነው።