«ከባንክ ነው የምንደውለው»፦ ከዓረብ አገር የመጣ ብር በአንድ ስልክ እንዴት ያልቃል?

«ልጄ፣ ብሩ የለም አሉኝ።» ከዒድ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ወረኢሉ አቅራቢያ ከምትኖር አክስታችን የሰማነው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ብሩ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ ልጇ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ መግዣ ብላ በሁለት ጊዜ የላከችው ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ጠዋት አንድ ሰው ደወለ። ሰላምታውን በወጉ አቀረበ፣ «እማ» እያለ አከበራት፣ የልጇንም ስም ጠርቶ ነገራት። «ከባንክ ነው የምንደውለው። ልጅዎ የላከችው ተጨማሪ ብር ተይዟል። አሁን በስልክዎ ቁጥር ይመጣል፣ ያንብቡልኝ» አላት። አክስታችን ማንበብ አትችልም። ስድስተኛ ክፍል የሚማረውን የልጅ ልጇን ጠራችው። ልጁም የመጣውን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ። ቀጥሎ ሰውየው «ለማረጋገጥ» ብሎ የሚስጥር ቁጥሩን ጠየቀ። ብር ሲወጣ ሁሌም ቁጥሩን የሚነካው ልጁ ስለነበር እሱንም ተናገረ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብሩ በሦስት ዝውውር አለቀ።

እኛ ለዓመታት ያስተማርን ሰዎች ነን። ያንን ልጅ ፊደል ካስቆጠሩት መካከል ነን። ማንበብን አስተምረነዋል፤ ለማን ማንበብ እንደሌለበት ግን አላስተማርነውም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ መንገድ ቀየረ፣ ልማዳችን ግን አልተቀየረም

ከወረኢሉ እስከ ለጋምቦ፣ ከከላላ እስከ ወግዲና ቦረና መካነ ሰላም ድረስ፣ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ልጅ ያልላከ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ቀድሞ ገንዘብ የሚመጣው በሚታወቅ ሰው እጅ ወይም በሐዋላ ነበር። ለመቀበል ደሴ ድረስ የሚሄድም ነበር። አደራ ያመጣውን ሰው ፊቱን እናውቀዋለን፤ ካጠፋ የሚጠየቅበት ሽማግሌ አለ።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮች የሞባይል አገልግሎትም ሲስፋፋ፣ ገንዘቡ ቀጥታ ስልክ ውስጥ ይገባ ጀመር። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን ሽማግሌውና ፊቱ የሚታወቀው ሰው ከመሃል ወጡ። በቦታቸው የገባው አራት ወይም ስድስት አሃዝ ያለው የሚስጥር ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ደግሞ ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ ለባለ ሱቁ ወኪል መናገር በመንደራችን እንደ ነውር አይታይም።

ሌላም ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ የቀረው በድምፅ ጥሪና በአጭር መልእክት ነው። በስልክ የሰማውን ነገር በሌላ መንገድ የሚያጣራበት ዕድል ያጣ ሰው፣ የሰማውን ማመን ይለምዳል።

በብዛት የሚመጡት ማታለያዎች

ብዙ ሰው የባንክ ዘረፋ ሲባል ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባ ረቂቅ ሌባ ይታየዋል። አገራችን ውስጥ ሕዝቡን እያስለቀሰ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ በሩን እንዲከፍትለት የሚያግባባው ነው።

አንደኛው አክስታችን ላይ የደረሰው ነው። በስልክ የሚመጣው የአንድ ጊዜ ኮድ የቤት ቁልፍ ማለት ነው። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ የእናንተን ሒሳብ ለመክፈት ሲሞክር፣ ሥርዓቱ «እውነት ባለቤቱ ነህ?» ብሎ ለእናንተ ኮድ ይልካል። ያንን ያነበበለት ሰው «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ መሰከረለት ማለት ነው። ምክንያቱ ይለዋወጣል፦ ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ ሲም ካርድዎ ሊዘጋ ነው፣ የፋይዳ ቁጥርዎን ከባንክ ጋር እናገናኝ ይላሉ። የሚጠይቁት ግን ሁሌም ያንኑ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው «በስህተት ብር ገብቶልሃል» የሚለው ነው። የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ከአንድ ተራ የስልክ ቁጥር ይላካል። ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ እያለቀሰ «የታማሚ መታከሚያ ነው፣ ለአላህ ብለህ መልስልኝ» ይላል። አዛኝ የሆነ ሰው ያልገባለትን ብር ከራሱ ኪስ «ይመልሳል»። መፍትሔው ቀላል ነው። መልእክቱን ትታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ብሩ በእርግጥ ከገባ ደግሞ ራሳችሁ አትመልሱ፤ ባንኩ እንዲመልሰው አሳውቁ። አደራ የሚመለሰው በትክክለኛው መንገድ ለትክክለኛው ባለቤት ነው።

ሦስተኛው ነጋዴውንና በግ ሻጩን የሚመለከት ነው። ገዢው «አስገብቻለሁ» ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ያሳያል። ፎቶ በስልክ ላይ በቀላሉ ተስተካክሎ ይሠራል። በተለይ በዒድ ገበያ ግርግር፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ፣ በጉ ከሄደ በኋላ ብሩ አለመግባቱ ይታወቃል። ስለዚህ የሻጩ ሒሳብ ላይ ብሩ ሳይታይ ገመዱ አይለቀቅ። ይህን ማለት ሰውን በክፉ መጠርጠር አይደለም። በአል-በቀራ ምዕራፍ ውስጥ የቁርአን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍርና ምስክር እንዲኖረው የሚያዘው፣ ወንድማማቾች እንዳይጣሉ ጭምር ነው።

አራተኛው ውጭ ያሉ እህቶቻችን በብዛት በሚጠቀሙባቸው ኢሞ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም የሚመጣ ነው። የአንዷ አካውንት ይሰረቅና በእሷ ስምና ፎቶ ለዘመድ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ በዚህ ቁጥር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ይበተናል። ድምፅ ሳይሰሙ፣ ፊት ሳያዩ መላክ አይገባም።

አምስተኛው የትርፍ ወጥመድ ነው። በ2015 አካባቢ ፊያስ 777 የተባለው አሠራር ብዙ ወጣቶችን ገንዘብ አስገብቶ ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። አሁን ተመሳሳዮቹ በቴሌግራም «ሐላል ኢንቨስትመንት» የሚል ስም ለብሰው ይመጣሉ። እዚህ ላይ ሸሪዓ ያጠና ሰው ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በሙዳረባ ገንዘብ የሰጠው ወገን ትርፍ ሲገኝ በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላል፤ ሠራተኛው ሳያጠፋ ኪሳራ ቢመጣ ደግሞ የገንዘቡ ኪሳራ የባለ ገንዘቡ ነው። ስለዚህ «ዋናው አይነካም፣ በየወሩ ይህን ያህል በመቶ ቁርጥ ነው» የሚል ሰው፣ ሐላል የሚለውን ቃል በራሱ አንደበት አፍርሶታል። ወለድ አልባ ባንክ የሚፈልግ ሰው በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ በግልጽ የሚሠሩ አሉለት። የቴሌግራም ቻናል ባንክ አይደለም።

የኤቲኤም ካርድን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ካርዱ ላይ ወይም መያዣው ላይ አትጻፉ። ማሽኑ ጋ «ልርዳዎት» የሚል የማያውቁት ሰው ካርዱን እንዳይዝ። ቸግሮ ካስፈለገ የባንኩን ሠራተኛ ጠይቁ።

የመጋቢት 2016 ትዝታ

ስለ ሌባ ስናወራ ራሳችንንም እንይ። በመጋቢት 2016፣ በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከዓርብ ሌሊት እስከ ቅዳሜ ጠዋት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ በሌሊት ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ብሔራዊ ባንክ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ። ባንኩ ያጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። አብዛኛው ተመለሰ። ያልመለሱትን 567 ሰዎች ደግሞ ባንኩ ስማቸውንና ፎቶአቸውን ለሕዝብ ይፋ አደረገ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በስልክና በካርድ የሚንቀሳቀስ ብር ዱካ አለው፤ ማን እንዳወጣው ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ያ ሌሊት «ከባንክ እንጂ ከሰው አልወሰድኩም» የሚል ሰበብ በተማሩ ልጆቻችን መካከል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አሳይቶናል። ዛሬ ከአክስታችን የወሰደውም ለራሱ አንድ ሰበብ ሳይኖረው አይቀርም። የአማና ትምህርት በመድረሳ ስንሰጥ፣ ምሳሌያችን የተሰጠ ዕቃ መመለስ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ከስልኩ ማዶ ያለው ሰው

በየካቲት 2017 ከማይናማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ታይላንድ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ አለ ተብለው የሄዱ ናቸው። ከደረሱ በኋላ ድንበር አሻግረው አስገቧቸውና በዓለም ዙሪያ ያለ ሰውን በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ አስገደዷቸው። እምቢ ያለ ይደበደብ ነበር።

ይህን የምናነሳው ከወሎ ምድር መውጣት የሚያልም ወጣት ስለሚበዛ ነው። «ቪዛና ትኬት በእኛ፣ እንግሊዝኛ ትንሽ ይበቃል» የሚለው የቴሌግራም ማስታወቂያ ያው ወጥመድ ነው፤ የሚዘረፈው ግን ብር ብቻ አይደለም፣ ሰውየው ራሱ ነው።

ምን ይደረግ?

በየቤቱ ዛሬ ማታ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ውጭ ያለችው ልጅና እናቷ አንድ ቃል ይስማሙ፤ ሌላ ሰው የማያውቀው፣ የድሮ ላም ስም ቢሆንም ይበቃል። ስለ ብር የሚያወራ ሁሉ ያንን ቃል ካላወቀ ስልኩ ይዘጋ። ልጆች ደግሞ አንድ ሕግ ይማሩ፦ በስልክ የመጣ ኮድ ለማንም አይነበብም፣ «ከባንክ ነኝ» ላለም፣ «ከቴሌ ነኝ» ላለም። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም። ሲም ካርዱም በባለቤቱ ስም የተመዘገበ ይሁን፤ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ችግር ሲመጣ ለማስመለስ ያስቸግራል።

አደጋው ከደረሰ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ብሩ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ እየዞረ በጥሬው ይወጣልና። ወዲያው ለባንካችሁ ደውላችሁ ሒሳቡን አሳግዱ፤ የንግድ ባንክ 951፣ የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ የደወለው ቁጥርና የዝውውሩ መለያ ቁጥር ማስረጃ ናቸው። ከዚያ ለፖሊስ አመልክቱ። በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 እንዲህ ያለውን ማታለል ወንጀል አድርጎ ይደነግጋል። «አፍራለሁ» ብሎ መደበቅ የሚጠቅመው ሌባውን ብቻ ነው።

ሸክሙን ሁሉ ግን ማንበብ በማትችል እናት ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። ባንኮች ደንበኛ ሲያበዙ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ብቻ መላካቸው አይበቃም፤ በድምፅ፣ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን። አዲስ ስልክ ላይ ሒሳብ ሲከፈትና ከዚያው ደቂቃ ብሩ በሙሉ ሲወጣ፣ ጥቂት ሰዓት የሚያቆይ ሥርዓት ብዙ ቤት ያድናል። መስጂዶቻችንም ከጁምዓ በኋላ ለዚህ አምስት ደቂቃ ቢሰጡ ከባንክ ማስታወቂያ የበለጠ ይሰማሉ።

የአክስታችን ሒሳብ ታግዷል፤ ውስጡ የቀረው ግን ከሁለት መቶ ብር አይበልጥም። ለፖሊስ አመልክተናል፣ እየጠበቅን ነው። እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው፤ ለልጇ እንዴት ትንገራት? ሁለት ሳምንት ደበቀች። በመጨረሻ እኛው ደወልን። ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ «እማዬን አብሽሪ በሏት፣ ቆርቆሮው ይደርሳል» አለች። የልጅ ልጇ አሁን ስልኩን ማንም ሲሰጠው መጀመሪያ «ማነው የላከው?» ብሎ ይጠይቃል።

አላህ የልጆቻችንን የላብ ሪዝቅ ይጠብቅልን።