ድምፁ የማን ነው?

ራፐሩ ሜስ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ቀልድ አለ። «ሰውዬው ዛሬ የትኛው ፈረቃ ላይ ነው? የስብከቱ ወይስ የራፑ?» ይባላል። ይሳቃል። ከዚያ አንዱ «ፌክ ነው ባክህ!» ይልና ፋይሉ ይዘጋል። እኔ ግን ፋይሉ እንዲህ በቀላሉ መዘጋት የለበትም ባይ ነኝ። ቀልዱ ስለ ሜስ ከሚናገረው ይልቅ ስለ እኛ ስለ አድማጮቹ የሚናገረው ይበልጣልና።

እስቲ ታሪኩን ከነዓመቱ እንየው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሜሰን ቤታ ሃርለም ያደገ ልጅ ነው። በ1996 የፐፍ ዳዲ ኩባንያ ባድ ቦይ አስፈረመው። በ1997 የመጀመሪያ አልበሙ «ሃርለም ወርልድ» ወጣና የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አናት ላይ ጉብ አለ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 4 ጊዜ ፕላቲነም ሆነ፤ 4 ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው። ያ እንቅልፉን ያልጨረሰ የሚመስል፣ እየተጎተተ የሚወጣ ድምፁ የዘመኑ ድምፅ ነበር። ከዚያ በ1999 ኒውዮርክ በሚገኘው ሆት 97 ሬዲዮ ቀርቦ ራፕ በቃኝ፣ እግዚአብሔርን ልከተል ነው ሲል አወጀ። ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነበር እንግዲህ።

አትላንታ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ፣ ፓስተር ተባለ። በ2004 «ዌልካም ባክ» በሚል አልበም ተመለሰ፤ ስድቡ የተለቀመለት፣ የተጣራ ራፕ ይዞ። ከዚያ ደግሞ ወደ ስብከቱ፣ ደግሞ ወደ ስቱዲዮው። በ2017 የድሮ ጓደኛውን ካምሮንን ልክ ልኩን የሚነግር ዘፈን ለቀቀ። በኋላ ታርቀው አብረው የስፖርት ወሬ ፕሮግራም ማቅረብ ጀመሩ። ዥዋዥዌ ነው፣ አልክድም። ቀልዱም የተቀዳው ከዚሁ ነው።

ግን በዚህ ዥዋዥዌ ውስጥ አንዴም ያልተንገዳገደ ማን እንደሆነ ልብ ብላችኋል? ገበያው! ሜስ ራፕ አቆምኩ ባለ በ2 ወሩ ገደማ ሁለተኛ አልበሙ «ደብል አፕ» ለሽያጭ ቀረበ። ሰውዬው ከዘፈኑ ወጣ እንጂ ዘፈኑ ከገበያ አልወጣም። በ2020 ሜስ ራሱ ኢንስታግራም ላይ እንደጻፈው፣ የድርሰት መብቱን ፐፍ ዳዲ የወሰደበት በ20 ሺህ ዶላር ነው፤ መልሼ ልግዛ ብዬ 2 ሚሊዮን ዶላር ባቀርብም እምቢ ተባልኩ ይላል። ፐፍ ዳዲ በበኩሉ በ2022 ነገሩን አስተባብሎ እንዲያውም ዕዳ ያለበት እሱ ነው ብሏል። ማን እንደዋሸ የሒሳብ አዋቂ ይወቀው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፓስተሩን «ልብህን አሳየን» እያልን ስንጮህ ኖረናል፤ ኩባንያውን «ደብተርህን አሳየን» ያለው ስንቱ ነው?

«አይ፣ እኛን ያናደደን መመላለሱ ነው። ቢጸና ኖሮ እናከብረው ነበር» የሚል አይጠፋም። ውሸት! የጸናውንም አይተነዋል። ለዚህ ሃርለም ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የኛው ሙሉቀን መለሰ በ1980ዎቹ ጌታን ተቀብዬአለሁ ብሎ ዘፈን ተወ። ኑሮውን አሜሪካ አድርጎ፣ በ2024 እስኪያርፍ ድረስ በእምነቱ ጸና። አከበርነው? «ምናለ አንድ ኮንሰርት ብቻ ቢሠራልን» እያልን ነው የኖርነው። «ጴንጤ ነጠቀን» ብሎ ያማረረውስ? ዘፈኑን በየሰርጉና በየታክሲው እያስጮህን፣ ለምን እንደተወው ቁጭ ብለን ለመስማት ግን ትዕግሥት አልነበረንም።

እንግዲህ ተመላልሶ የመጣውን ሳቅንበት፣ አልመለስም ያለውን ጨቀጨቅነው። ታዲያ ጸባያችን ምንድነው? ሁለቱንም የሚያስማማ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ድምፁ የኛ ንብረት ነው ብለን ማመናችን። ካሴት ስንገዛ ጉሮሮውንም የገዛን መስሎናል።

ቤተ እምነቶችም ቢሆኑ ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ታዋቂ ሰው ንስሐ ሲገባ ጥጉን ይዞ እንዲጸልይ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ማይክ ይጨብጣል፣ ምስክርነቱ በሲዲ ይባዛል፣ ፖስተሩ ላይ «የቀድሞው ዘፋኝ» የሚለው ከስሙ በልጦ በትልቁ ይጻፋል። ኧረ ጎበዝ! ዘፈኑ ኃጢአት ከሆነ ለምን በዘፋኝነቱ ይሸጣል? ጳውሎስ እኮ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አዲስ አማኝን ለኃላፊነት እንዳይሾም አስጠንቅቋል። ምክሩ ያረጀ ቢመስልም ለዝነኛ ሰው ከማንም በላይ ይሠራል። ገና ጥርሱን ያላወጣ እምነት ላይ ሺህ ሰው ጭነህ፣ ሲንገዳገድ «አላልኳችሁም?» ማለት ደግ ሥራ አይደለም።

ይህን ስል ሜስ አይጠየቅ ማለቴ አይደለም። ፓስተር ሲሆን ሰው ተከትሎታል። አስራቱን የሰጠው፣ ስለ ትዳሩ ያማከረው፣ ልጁን ይዞ እሑድ እሑድ የመጣው ምእመን «ጥለኸን የት ሄድክ?» ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ያ የእረኝነት ሒሳብ ነው፣ መልስም ይገባዋል። ሲዲ የገዛ ሰው ግን ሲዲውን ተቀብሏል። ከዚያ በላይ የሚጠይቀው ቀሪ ሒሳብ የለውም።

እምነት ደግሞ የቅጥር ውል አይደለም፤ ሰው ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይጠራጠራል፣ ይመለሳል። እኔና አንተ ሁዳዴን እንጾማለን ብለን በሦስተኛው ቀን ክትፎ ቤት ስንገኝ ጋዜጣ አይጽፍብንም። ሜስን ከእኛ የሚለየው መውደቅ መነሳቱን ማይክ ፊት ማድረጉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ነገ አንድ ዘፋኝ «በቃኝ» ሲል ብትሰማ «ከልቡ ነው?» ብለህ አትድከም። እሱን የሚያውቀው ፈጣሪው ነው። ይልቅ ከዛሬ ጀምሮ ድምፁን ማን እንደሚሸጠው ጠይቅ። ቸርቻሪው የድሮው አሳታሚም ይሁን አዲሱ አገልግሎት፣ ጥያቄው ያው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ ደግሞ፣ ዘፈኑ ጥሩ ከሆነ አዳምጠው፣ ካልሆነ ዝጋው። የሰውዬውን ንስሐ ግን ለቡና ማጣጫ አታድርገው።