«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት ለኩ

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «መምህር፣ መካኒኩ የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል አለኝ፤ ልቀይረው ወይ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «በምን ለክቶ አወቀ?» እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። ስካነር ተሰካ፣ ኮድ ወጣ፣ ፍርድ ተሰጠ። በቃ።

የሚያኮርፍ ካለ ያኩርፍ፣ እናገራለሁ፦ ሳይለኩ ኮምፒውተር መቀየር ጥገና አይደለም። በሰው ገንዘብ ቁማር መጫወት ነው።

ስካነር የሚያሳየው የክሱን ወረቀት ነው፤ ጥፋተኛውን የማግኘት ሥራ የባለሙያው ነው። ዩ0100 የሚባለውን ኮድ ውሰዱ። ትርጉሙ «ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር መነጋገር አልተቻለም» ነው። «ኮምፒውተሩ ሞቷል» አይልም! ስልኩ የተዘጋ ሰው ሁሉ ሞተ ብለን ለቅሶ እንቀመጣለን እንዴ? ምናልባት ባትሪ ዘግቶበት ይሆናል። ኮምፒውተሩም ፊውዙ ከተቃጠለ፣ ሪሌዩ ካልያዘ፣ ግራውንዱ ከዛገ ወይም ገመዱን አይጥ ከበላው ዝም ይላል። ፒ0606 እንኳን፣ በቀጥታ የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር የሚከሰው ኮድ፣ የኃይልና የግራውንድ መስመሩ ሳይለካ አይታመንም።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የነገረኝን ላካፍላችሁ። ባለ ቪትዙ ሹፌር ነው፤ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያች መኪና ነው። ቁልፍ ሲከፍት የቼክ ኢንጅን መብራት አይበራም፣ ሞተሩ ይዞራል ግን አይነሳም፣ ስካነርም አይገባም። አንድ ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ነው» አለው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ገዛ፤ ያው ነው። «ይሄም የተቃጠለ ነው የሸጡልህ» ተባለና ሁለተኛ ገዛ። ያው ነው። ተማሪዬ ጋ ሲደርስ ልጁ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ። አንዷ ስትነቀል የቼክ ኢንጅን መብራቷ ቦግ አለች። የሴንሰሯ ገመድ ከብረት ጋር ተፋትጎ ተልጦ ኖሯል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ለብዙ ሴንሰሮች 5 ቮልት ያከፋፍላል። ከመስመሩ አንዱ ቦታ ላይ ግራውንድ ከነካ 5 ቮልቱ በሙሉ ይወድቃል፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ኮምፒውተሩ ጭራሽ የሞተ ይመስላል። አንድ ስንዝር ገመድ ሁለት ኮምፒውተር አስገዛች። ሰውየው የጠፋበትን የሥራ ቀንስ ማን ይክፈለው?

ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ ክፍል ውስጥ ስንደጋግመው የነበረው ቅደም ተከተል ይኸው፦

1. ባትሪ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 የማይወርድ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከዲናሞው ከ13.5 እስከ 14.5።

2. የኮምፒውተሩ ኃይል። ፊውዙን በዓይን አትመኑ። በቴስተር 12 ቮልት አይታችሁም አትለፉ፤ በአንድ ክር የቀረ ገመድም 12 ያሳያል። አምፖል ጫኑበት፤ በደንብ ካበራ ያኔ እመኑት።

3. ግራውንድ። ሞተሪኖው እየዞረ ከኮምፒውተሩ ግራውንድ ፒን እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካያችሁ ጥፋቱን ያዛችሁት።

4. አምስቷ ቮልት። ከጠፋች ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ንቀሉ።

5. ግንኙነት። የስካነሩ ሶኬት 16 ቁጥሩ ላይ የባትሪ ኃይል፣ 4 እና 5 ላይ ግራውንድ መኖር አለበት። ካን ባላቸው መኪኖች ባትሪውን ነቅላችሁ በ6 እና በ14 መካከል ኦም ለኩ፤ 60 አካባቢ ነው የሚጠበቀው። 120 ካሳየ መስመሩ አንድ ቦታ ተቆርጧል ወይም አንዱ ጫፍ የለም።

ኃይሉ ሙሉ፣ ግራውንዱ ንጹሕ፣ ሴንሰሩ ሁሉ ተነቅሎ፣ መስመሩም ተፈትሾ 5 ቮልቷ ካልመጣች፣ ያኔ «ኮምፒውተሩ ነው» በሉ። ያኔ እኔም አብሬያችሁ እፈርማለሁ።

«መምህር፣ ደንበኛ አይጠብቅም። ከሌላ መኪና ነቅለን ሰክተን እናየዋለን፤ ከሠራ ሠራ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሁለት ነገር ልበላችሁ። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩን የገደለው ውስጡ ሾርት ያደረገ ኮይል ወይም ሶሌኖይድ ከሆነ ጤነኛውንም ያቃጥልላችኋል፤ ለሙከራ ያመጣችሁት የሌላ ሰው ንብረት ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ኢሞቢላይዘር ያለው መኪና ላይ የመጣው ኮምፒውተር ቁልፉን አያውቀውም፤ ሞተሩ አይነሳም። እናንተም ደህናውን ዕቃ «ይሄም አይሠራም» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ይህ ምን አረጋገጠ?

መቀየሩ እውነትም አስፈላጊ ሲሆን በሥርዓት ይሁን። «ቪትዝ ስለሆነ ይገጥማል» አይባልም። ባለ 1.0ው ሌላ ነው፣ ባለ 1.3ው ሌላ፤ ማንዋልና አውቶማቲክም ይለያያል። ቶዮታ ላይ በ89661 የሚጀምረው ቁጥር እስከ መጨረሻው አንድ መሆን አለበት። ባትሪው ተነቅሎ ይቀየር፤ ቁልፉ ይመዝገብ። ከሁሉ በፊት ግን አሮጌውን ምን እንደገደለው ይታወቅ። ውኃ ገብቶበት ነው? ባትሪ ሲበደር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገልብጦ ነው? ገዳዩ ሳይያዝ አዲስ ሰው ወደዚያው ቤት አይላክም።

ለባለመኪናዎችም ድርሻችሁን ልስጣችሁ። «ለማየት ብቻ ነው ገንዘብ የምትጠይቀኝ?» የምትሉት እናንተ ናችሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቴስተር ይዞ ኮፈን ሥር ያጎነበሰ ሰው ምንም ዕቃ ስላልቀየረ ብቻ አትከፍሉትም። ዕቃ ለሚቀይረው ግን ሳትከራከሩ ትከፍላላችሁ። ታዲያ ልጁ ከሁለቱ የትኛውን ሥራ ይምረጥ? የምርመራ ዋጋ ክፈሉ። ከዚያ በኋላ «ምን ለካህ? ስንት አገኘህ?» ብላችሁ የመጠየቅ ሙሉ መብት አላችሁ። ቁጥሩን የማይነግራችሁ ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ሂዱ።

የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል። እጃችን ላይ ያሉት ቪትዝና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል፣ ገመዳቸውም ከዕለት ወደ ዕለት ያረጃል። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ከላይ እስከ ታች ኮምፒውተር ናቸው። ዛሬ 12 ቮልት መለካት የሰለቸው ባለሙያ ነገ 400 ቮልት ያለው መኪና ሲመጣለት ምን ሊሆን ነው? እዚያ በግምት የሚነካ ሰው ከገንዘብ በላይ ነው የሚከፍለው።

ጋራዥ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱ የሥራ ወረቀት ላይ አምስቱን ልኬቶች ጻፉና ለደንበኛው ስጡት። ባለመኪኖችም ይህን ጽሑፍ ለመካኒካችሁ አሳዩት። ቢቆጣ ችግር የለም፤ ከተቆጣ በኋላ ቴስተሩን ካነሳ ይበቃኛል።