ሰባት ቤት ለጦጣም ይቆጠራል

በ58 ቁጥር ትራም ሮያል ፓርክ ወርዳችሁ ሜልበርን ዙ ከገባችሁ ጥጥ ራስ ታማሪኖችን ሳታዩ አትመለሱ። ግማሽ ኪሎ የማይሞሉ፣ አናታቸው ላይ የተባዘተ ጥጥ የተደፋባቸው የሚመስሉ የኮሎምቢያ ጦጣዎች ናቸው። እንዲህ ያሉ እንስሳት በዙ የሚጋቡት በዘር መዝገብ እንደሆነ ለጓደኛዬ ብነግረው «መታሰራቸው ሳያንስ ትዳራቸውንም ቢሮ ይምረጥላቸው?» አለኝ። እኔ ይምረጥላቸው ባይ ነኝ።

ለነገሩ እኛ እንግዳ አይደለንም። በአገራችን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የአያቶቻችን መዝገብ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር፤ ዙዎች ደግሞ የእያንዳንዱን እንስሳ እናትና አባት፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ቀን ይጽፋሉ። ከዚያ ዘመድ ያነሰው ማን እንደሆነ ተሰልቶ የመውለድ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ዘመደ ብዙው ይቆያል፤ አንዳንዴም የወሊድ መከላከያ ይሰጠዋል።

ካትሪን ራልስና ጆናታን ባሉ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጥናት፣ በዙና በቤተ ሙከራ ከሚኖሩ የጦጣና የዝንጀሮ ዘሮች መካከል ከቅርብ ዘመዳሞች የተወለዱት በሕፃንነታቸው ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ይህ የታወቀው እያንዳንዱን ሞት የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። የብራዚሉን ወርቃማ አንበሳ ታማሪንም ተመልከቱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጫካ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ነበሩ። የዋሽንግተኗ ዴቭራ ክላይማን የተለያዩ አገሮችን ዙዎች በአንድ መዝገብ አስተባበረች፤ ከ1984 ጀምሮ በዙ የተወለዱት ወደ ጫካ ይመለሱ ጀመር። ዛሬ እዚያ በሺዎች ይቆጠራሉ።

ጓደኛዬ እውነት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ታማሪን ብዙ ጊዜ መንታ ይወልዳል፤ አባትና ታላላቆች ያዝላሉ። ታናሹን ሳያዝል ለሌላ ከተማ የተዳረ ታማሪን የራሱን ልጅ ማሳደግ ይቸግረዋል። ስለዚህ ስሌቱ «አሁን» ቢልም ጠባቂው «ይቆይ» ካለ፣ ጠባቂው ይሰማ።

ይህን የምጽፈው ለታማሪን ብቻ ብዬ አይደለም። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ አንበሶች በዘራቸው ከሌሎች የተለዩ መሆናቸውን በ2012 የታተመ ጥናት አመልክቷል። መሥራቾቹ ሰባት ብቻ እንደነበሩም ይነገራል። ከሰባት አንበሳ በተገኘ ዘር ውስጥ የትኛው ከየትኛው ይዳቀል የሚለው በግምት የሚያልፍ ጉዳይ አይደለም። እዚህ ባዮሎጂና ስታትስቲክስ የምትማሩ ልጆች፣ የዘር መዝገብ አያያዝን ጠይቃችሁ ተማሩ። ለክረምት አገር ቤት ስትገቡም አንበሳ ግቢ ሄዳችሁ «ምን እናግዝ?» በሉ።